ሐረጎን በየትኛው ጎማ ልውረድ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ሞተሬ ያማሃ ኤክስቲ 600 ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጤናዋ ግን ደህና ነው። ስገዛት የፊቱም የኋላውም ጎማ ትልልቅ ጥርስ ያለው፣ የበረሃ የሚመስል ነበር። የቀድሞ ባለቤቷ አፋር በረሃ ይዞባት ነበር አሉ። አሁን የኋላው መሃል ለመሃል ሙልጭ ብሏል። የፊቱ ጥርስ አለው፣ ግን መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ድምፁም እንደ ወፍጮ ቤት ነው።

ሐምሌ ላይ በዝናብ እየወረድኩ ኩርባ ውስጥ ከፊቴ ያለ ተሳቢ ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። የፊት ጎማዬ ተንሸራተተና መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነብኝ። አልወደቅኩም። እስካሁን ግን እዚያች ኩርባ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል።

በወር አንዴ ሐይቅ አካባቢ እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ከአስፋልቱ ወጥቶ 9 ኪሎ ሜትር ፒስታ አለው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። አሁን አንድ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ጎማ አሳይቶኛል። አንዱ እንደ ድሮው ጥርሳም፣ አዲስ፣ ውድ። ሌላው ለስለስ ያለ ነው፣ ዋጋው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። «የ2016 ምርት ነው፣ ገና ትናንት የገባ» ይለኛል። ጎሚስታዬ በበኩሉ «ዝናብም ጭቃም የሚችለው ጥርሳሙ ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነግሮኛል። ከለስላሳው ላይ የተጻፈውን ገልብጬልዎታለሁ። የፊቱ «90/90-21፣ 54 ኤስ፣ ቲቲ» ይላል። የኋላው «120/90-17፣ 64 ኤስ፣ ቲቲ»። በሁለቱም ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «3216» የሚል አለ። የቱን ልግዛ?

የሐረጎ ተመላላሽ፣ ከደሴ

መልስ

አብሽር ልጄ፣ ሳትላላጥ ተርፈሃል። ለጥያቄህ አጭር መልስ አለኝ፤ ሁለቱንም አትግዛ። ጥርሳሙ ዕድሜው መልካም ነው፣ ለመንገድህ ግን አይሆንም። ለስላሳው ለመንገድህ ይሆናል፣ ዕድሜው ግን ሄዷል።

ስላሳቀኝ ከዕድሜው ልጀምር። የገለበጥካት «3216» የጎማው የልደት ቀን ናት። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። 32ኛው ሳምንት፣ 2016። ነጋዴህ እንግዲህ አልዋሸም፣ የ2016 ምርት ነው። ግን በፈረንጅ! ፋብሪካው የእኛን ካላንደር ከየት ያውቃል? በእኛ ስትቆጥረው ነሐሴ 2008 ነው። ሰውየው ሆን ብሎ አታለለህ አልልም፣ እሱም እንደዚያ አንብቦት ይሆናል። ብቻ ይህች የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ስንቱን አሮጌ ጎማ አዲስ አድርጋ ሸጣለች። እኔ ራሴ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ያውም መነጽሬን አድርጌ።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞንም ጭምር፣ ላስቲኩን ያደርቁታል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ ጥቁረቱ እያብረቀረቀ፣ ውስጡ ግን ደርቋል። በአውራ ጣትህ ጥፍር ጫን አድርገው። ደህና ላስቲክ ሰርጎድ ብሎ ይመለሳል። የደረቀው እንደ በሬ ቀንድ ነው፣ ጥፍርህ ያርፍበታል እንጂ አይገባም። ከዚያ ጎኑን አጠፍ አድርገህ መስመሮቹን ወደ ብርሃን አዙር። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ አመስግነህ መልስለት። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስፈትሹ፣ 10 ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ጣሉት የሚሉ ፋብሪካዎች አሉ። አንተ ደግሞ ገና ልትገዛው ነው።

አሁን ወደ ጎሚስታህ። የነገረህ ግማሹ ልክ ነው፣ ጥርሳም ጎማ ጭቃ ይችላል። ጥርስ የተሠራው ለመቆፈር ነው። ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ይነክሳል፣ ይገፋል። አስፋልት ግን አይቆፈርም። አስፋልት ላይ የሚይዝህ መሬት የነካው ላስቲክ ብዛቱና ጥራቱ ነው። አሁኑኑ እጅህን ጠረጴዛ ላይ አድርግ። መጀመሪያ ሙሉ መዳፍህን ተጭነህ ወደ ፊት ግፋ። ቀጥለህ በጣቶችህ ጫፍ ብቻ ተጭነህ ግፋ። ጣቶችህ ተጣጠፉ አይደል? ጥርሳም ጎማ ፍሬን ስትይዝ የሚሆነው እንደዚያ ነው። በጥርስና በጥርስ መሃል ያለው ክፍተት መሬት አይነካም፣ የሚነካው ጥርስ ደግሞ ይጎብጣል። በሐምሌ እጅህ ላይ የመጣው ባዶነት ይኸው ነው።

«መስመሩ በሰፋ ቁጥር ውሃ ያስወጣል» የሚል ሰው ይገጥምሃል። ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በትልቅ ፍጥነት ነው። አንተ ሐረጎን የምትወርደው በ40 እና በ50 ነው፣ ከፊትህ ተሳቢ ካለማ በ20። የአንተ ጠላት ጥልቅ ውሃ አይደለም። ከባድ መኪና ሽቅቡ ላይ እያቃሰተ ያንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት በጋውን ሙሉ ከአቧራ ጋር ይጋገራል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ዶፉ ከወረደ በኋላ እንዲያውም ይሻላል፣ መንገዱ ይታጠባል። የሚያስፈራው ዝናቡ የጀመረበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ይህን ሳሙና የሚችለው ለእርጥብ መንገድ የተቀመመ ላስቲክ ነው። የዘመኑ የአስፋልት ጎማዎች ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር ይጨመራል፣ በብርድና በእርጥብ መንገድ ላይ እንዲይዙ። የደሴን ጠዋት አንተም ታውቀዋለህ። ጉሙ እስከ ጉልበት ወርዶ፣ ጣት ደንዝዞ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው ቁልቁለቱ አፍ ላይ የምትደርሰው።

እስቲ ደግሞ መንገድህን እንቁጠረው። ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 50፣ በሳምንት 250፣ በዓመት ወደ 13 ሺህ። እናትህ ጋ የምትሄድበት ፒስታ ደርሶ መልስ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዓመት 216። ከ100 ኪሎ ሜትር 2 እንኳ አይሞላም! ለሁለቱ ኪሎ ሜትር ብለህ ዘጠና ስምንቱን እየተንሸራተትክ ልትወርድ ነው እንዴ?

እኔም በልጅነቴ ጥርሳም ጎማ እወድ ነበር፣ አልዋሽህም። የግብርና ሞተር ይዤ የደቡብ ወሎን ገጠር ስዞር ከሱ ሌላ አልመርጥም ነበር። ያኔ አስፋልት የማየው ደመወዝ ልቀበል ደሴ ስገባ ብቻ ነው። ዛሬ ጥርሳሙን የሚያስሩት ብዙዎቹ ፒያሳ ቡና ቤት በር ላይ የሚያቆሙት ናቸው። ያምራል እኮ፣ አያምርም አላልኩም። ግን የኋላው እኔ ላይ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ባንተ ምልልስ አምስት ወር አይሞላም።

የ9 ኪሎ ሜትሯን ፒስታ በአስፋልት ጎማም በበጋ ትወጣዋለህ። ቀስ በል፣ ንፋሱን በመለኪያው 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ቀንስ፣ ስትመለስ ሙላው። ሞተርህ ከመነዳሪ ስላላት ከዚያ በታች አትውረድ፣ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ከመነዳሪውን ይቆርጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ከበረታ ሞተሯን ሐይቅ ከተማ ዘመድ ግቢ አቁመህ በእግርህ ግባ። እናትህም ቢሆኑ እግሩ የተሰበረ ልጅ ከሚመጣላቸው ጫማው የጨቀየ ቢመጣላቸው ይመርጣሉ።

ታዲያ ምን ልግዛ ትለኛለህ። ገበያ ላይ 90/10፣ 80/20፣ 50/50 ሲሉ ትሰማለህ። የፊተኛው የአስፋልቱ ድርሻ ነው፣ የኋለኛው የፒስታው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ፋብሪካው ራሱ ነው፣ መሃል ሆኖ የሚዳኝ የለም። ስለዚህ የአንዱ 80/20 የሌላው 60/40 ሆኖ ታገኘዋለህ። ባይሆን መልኩን እይ። ሜትዘለር ቱራንስ ለአስፋልት ካደሉት ነው። ሚታስ ኢ-07 እና ሄይደናው ኬ60 ስካውት መሃል ላይ ናቸው። ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 ጥርሳም ነው፣ ነጋዴህ ያሳየህን ውዱን ዓይነት። ላንተ የምለው የመጀመሪያውን ቤተሰብ ነው። ስሙ ሌላ ቢሆንም ግድ የለኝም። መሬት የሚነካው ላስቲክ ሰፋ ያለ፣ መስመሮቹ ጠበብ ያሉ፣ የልደት ቀኑ ቅርብ የሆነ ይሁን። ደሴ ካጣኸው አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ላክ፣ ግን ባዶ ስም አትንገረው። የቀኑን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ ካልላከልህ ገንዘብ አትልቀቅ።

ልኩን በትክክል ነው የገለበጥከው። የፊቱ «90/90-21» ላይ የመጀመሪያው 90 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ቀጣዩ 90 ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ ነው ማለት ነው፣ 81 ሚሊ ሜትር። 21 የቸርኬው ኢንች። 54 ማለት ያ ጎማ እስከ 212 ኪሎ ይሸከማል፣ የኋላው 64 እስከ 280። ኤስ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው፣ ሐረጎ ላይ ያን የሚያህል ካሰብክ ጎማ ሳይሆን ዱዓ ነው የሚያስፈልግህ። ቲቲ ከመነዳሪ የሚገባበት ነው። ያንተ ቸርኬ ባለ ራጂ ነው፣ ንፋስ በራጂዎቹ ቀዳዳ ይወጣል፣ ስለዚህ ከመነዳሪ ግድ ነው። ወፍራም ያምራል ብለህ ከልኩ አትውጣ። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ቅርጹ ይበላሻል፣ ሞተሯም ለመታጠፍ ትለግማለች።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር። «የፊቱ ገና ጥርስ አለው» እንዳትለኝ። የሚያንቀጠቅጥህ ጥርሶቹ ባንድ ጎናቸው ስለተበሉ ነው፣ ፍሬን የሚበዛበት ቁልቁለት እንደዚያ ያደርጋቸዋል። በእጅህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዳብሰው፣ ወደ አንዱ በኩል እንደ መጋዝ ይይዝሃል። የኋላ ጎማ ቢከዳህ ሞተሯ ጭራዋን ትወዘውዛለች፣ ብዙ ጊዜ ትመልሳታለህ። የፊቱ ሲከዳ የማሰቢያ ጊዜም የለም።

ከመነዳሪውንም አብረህ ቀይር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ቆስዬበታለሁና። አንድ ዓመት አዲስ ጎማ ገዝቼ እዚሁ ደሴ አንድ ጎሚስታ ጋ አስገባሁ። ልጁ ቀልጣፋ ነው። ፌሮዋን፣ ጎማ ማስገቢያ ብረቷን፣ ሰካ፣ ገፋ፣ ጎማው ጥርቅ ብሎ ገባ። ንፋስ ሞላ፣ ሳሙና ውሃ ቀባ፣ ምንም አረፋ የለም። ከፍዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ሐረጎ ግማሹ ላይ የኋላዬ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገድ ጀመር። ስፈታው ከመነዳሪው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ ልክ እባብ እንደነደፈው። ፌሮዋ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጣው ነበር። ሌሊቱን ቀስ ብሎ ተንፍሶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ይቆጣ አይቆጣ። ከመነዳሪው ከመግባቱ በፊት ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ንፋስ ይግባበት። ታልክ ይነስነስ፣ የሕፃን ፓውደርም ይሆናል። የጎማው ጠርዝ ሳሙና ውሃ ይቀባ። የመጨረሻዋን ስንዝር ለማስገባት ጉልበት ካስፈለገ አንድ ነገር ልክ አይደለም፤ በወዲያኛው በኩል ጠርዙ ወደ ቸርኬው መሃል ጉድጓድ አልወረደም ማለት ነው። እዚያ በጉልበት ይጫነው፣ ይሄኛው በእጅ ይገባል። ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት ጎማው ወደሚዞርበት ትይ። የንፋስ መሙያዋን ብሎን ደግሞ ቸርኬው ላይ አታጥብቃት፣ ወደ ላይ ወደ ክዳኗ መልሳት። ከመነዳሪው ውስጥ ውስጡን ከተንሸራተተ መሙያዋ ስታዘም ታያለህ። ካጠበቅካት አታዘምም፣ ትቆረጣለች።

መለዋወጫ መያዝ ከፈለግክ የፊቱን ባለ 21 ከመነዳሪ ብቻ ያዝ። ቢጨንቅ የኋላው 17 ውስጥ ተጨማዶ ገብቶ ቤትህ ያደርስሃል።

የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ታገሥ። አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳ ነው፣ እስኪፋቅ አይነክስም። ቅዳሜ ደረቅ ቀን መርጠህ ሐይቅ ድረስ ሦስት ጊዜ ደርሰህ ተመለስ፣ ሰኞ ሐረጎን ትወርዳለህ። ስታረጃቸው ደግሞ በመስመሮቹ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጉብታዎች እይ። ላስቲኩ እነሱ ጋ እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል። እኔ ግን ክረምት ሊገባ ሲል 2 ሚሊ ሜትር ከቀረው አልጠብቅም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ነው የምጽፍልዎት። ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ነው የምነዳው፣ ሴት ሆኜ ትልቅ ሞተር በመያዜ አፍ የሚከፍተው ይበቃኛልና እርስዎ እንዳይጨምሩበት። ደሴ ያለ ንፋስ የሚሞላ ልጅ «ወደ ቆላ ስትወርጂ ጎማው ይወጠራል፣ ትንሽ ላስተንፍስልሽ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ

አፍ የከፈተውስ ዝንብ ይግባበት፣ እህቴ። አታስተንፍሺ።

ልጁ ያየው ግማሹን ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ ንፋሱን ያሳብጠዋል። ግን የረሳው ሌላ ነገር አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ከላይ ከውጭ የሚጫነው አየር ስስ ነው፣ ስትወርጂ ይከብዳል። መለኪያው የሚነግርሽ የውስጡና የውጭው ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው ሲከብድ ቁጥሩ ወደ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱ ደግሞ ከ1 ትንሽ የሚያንስ ይጨምራል። ይጣፋሉ። ባቲን አልፈሽ ሚሌ ድረስ ብትወርጂም ሁለቱም አብረው ነው የሚያድጉት።

ቁጥሩን ከልጁ ሳይሆን ሰንሰለቱ አካባቢ ካለው ተለጣፊ ወይም ከመመሪያው መጽሐፍ ውሰጂ። ጠዋት፣ ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ለኪ። ነድተሽ ስትደርሺ ከፍ ብሎ ብታዪው የሚጠበቅ ነው፣ እንዳትነኪው። ከኋላ ሰው ስትጭኚ መጽሐፉ ሌላ ቁጥር አለው፣ ኋላውን ያንን ሙይ። የራስሽ መለኪያም ይኑርሽ። አንድ ቀን ለወሬ ብዬ ሦስት ጎሚስታ ቤት አንዱን ጎማ አስለካሁት፣ ሦስቱም የተለያየ ነገሩኝ፣ በአንደኛውና በሦስተኛው መሃል 6 ፒኤስአይ ልዩነት ነበር።

ጥያቄ

«ቲኤል» የሚል ጎማ ከመነዳሪ ቢገባበት ችግር አለው? ደሴ የማገኘው እሱን ብቻ ነው፣ ቸርኬዬ ባለ ራጂ ነው።

መልስ

ቲኤል ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተበጀ ጎማ ነው። ከመነዳሪ ቢገባበትም ብዙውን ጊዜ ይሆናል፣ ብዙ ሰውም ይሄድበታል። ልኩ አንድ ይሁን፣ ከመነዳሪውም የዚያው ልክ ይሁን። ከመነዳሪ ሲጨመር ጎማው ትንሽ ይሞቃል፣ ስለዚህ ተጭነህ አፋር ሜዳ ላይ እንዳታበረው። ጠርዙ ደግሞ ጠንካራ ነው። ሜዳ ላይ ቢተነፍስብህ በሁለት አጭር ፌሮ ለማውጣት ወገብህን ይፈትነዋል። ቤት ሳለህ፣ ቀን በብርሃን፣ አንዴ አውጥተህ አስገብተህ ሞክረው።